ጅማ ውስጥ «ጂኒ አለበት» የተባለው ባለ ፎቅ ቤት፦ የኮቴው፣ የትም የማያደርሰው ደረጃና የጠፋው ክፍል ጉዳይ

መነሻ

ይህ የጉዳይ ጥናት ጅማ ከተማ ውስጥ የሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ይመለከታል። የቤቱ ላይኛው ፎቅ ከሥራው በፊት ከ20 ዓመት በላይ ሰው ሳይኖርበት ቆይቷል። የባለቤቶቹ፣ የተከራዮቹና የሠራተኞቹ ስም፣ የቤቱም አድራሻ ሆን ተብሎ ቀርቷል።

ጉዳዩ እንዲመዘገብ ያደረገው ቤቱ ለመፍረስ ጥቂት ቀርቶት የነበረ መሆኑ ነው። የሚያፈርሰው ሰው ተገኝቶ፣ በድንጋዩና በጣውላው ዋጋ ላይ ስምምነት ተደርሶ ነበር። ቤቱ ግን መሠረቱ አልተሰነጠቀም፣ ግድግዳው አልዘመመም። ለመፍረስ ያበቃው ወሬ ነው። ወሬው ሰው አስሸሸ፤ ሰው ሲሸሽ ጥገና ቀረ፤ ጥገና ሲቀር ቤቱ ይበልጥ ይጮህና ይሸት ጀመር፤ ያም ወሬውን አጸናው። ጅማ ውስጥ በዚህ መንገድ ያለቁ ቤቶች አሉ፤ የቀሩትም እያለቁ ነው።

ቤቱ እንዴት ያለ ነው

ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ባደረገበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ነው። ከነጻነት በኋላ አንድ የቡና ነጋዴ ገዝቶት አስፋፋው። ምድር ቤቱ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ላይኛው ፎቅ የእንጨት ቋሚና ማገር ሆኖ በጭቃ ተመርጎ በኖራ የተለሰነ ነው። ወለሉ የዝግባ ጣውላ፣ ጣሪያው ወደ አራት ጎን የሚወርድ ቆርቆሮ ነው። ከምድር ቤቱ ወለል ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አለ፤ አየር እንዲያገኝ ዙሪያውን የፍርግርግ ቀዳዳዎች ነበሩት።

ላይኛው ፎቅ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት ባለሙያ ይህን አያውቀውም። አቡጀዲው በሊስትሮ (በቀጭን እንጨት) ላይ ተወጥሮ በትናንሽ ሚስማር ይመታል፤ ከዚያ በዱቄት ሙጫ ይጠነክርና በኖራ ይቀባል። ሲያዩት የጠነከረ ኮርኒስ ይመስላል እንጂ ጨርቅ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ቤቱን ከነጋዴው ወሰደው። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ቤት ለአምስት አባወራ ተከፈለ። ከብዙ ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ ለወራሾች ሲመለስ ተከራዮቹ ወጡ፤ ላይኛው ፎቅ ባዶውን ቀረ። ምድር ቤቱ ለመጋዘንና ለመኖሪያ ቢከራይም ከዓመት በላይ የቆየ ተከራይ አልነበረም።

የሚወራው

ወሬዎቹ ስድስት ነበሩ። ሁሉም የተጻፉት ነጋሪው እንዳለው ሳይታረሙ ነው፤ «ይህ እንኳ ወሬ ነው» ተብሎ የተጣለ አልነበረም። ይህ ኋላ ጠቅሟል፤ ሰዎቹ ስሙን ተሳሳቱ እንጂ የሰሙትን በትክክል ነበር የተናገሩት።

መጀመሪያው ኮቴው ነው። ማታ ሲመሽ አንድ ሰው ባዶው ፎቅ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ሌሊት ደግሞ ይሮጣል። ሁለተኛው፣ ቤቱ ይተነፍሳል፤ ኮርኒሱ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይናቸው ያዩ አሉ። ሦስተኛው፣ ሴት ትጮኻለች፤ በነፋስ ቀን ደግሞ ታቃስታለች። አራተኛው፣ አንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ደም አለ፤ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። አምስተኛው፣ ምድር ቤት በጓሮ በኩል ባለው መኝታ ቤት የሚተኛ ሰው ዱካክ ይዞት ያድራል፤ ጠዋት ራሱን አሞት ይነሳል።

ስድስተኛው የቤቱ አሠራር ነው። ምድር ቤት ውስጥ 16 ደረጃ ያለው የእንጨት መሰላል ወጥቶ ወጥቶ ኮርኒስ ላይ ያበቃል። ላይ ፎቅ ላይ ያለ አንድ በር ሲከፈት እግር የሚያሳርፉበት ቦታ የለም፤ ከ4 ሜትር ከፍታ ወደ ግቢው ነው። ከውጭ ሲቆጠር የላይኛው ፎቅ መስኮት 9 ነው፤ ከውስጥ 8። «ዘጠነኛው የእነሱ ነው» ይላል ሰፈሩ።

ከሥራው በፊት የተሞከረው

ቤተሰቡ ቄስም ሼኽም ጋብዞ አጸልዮአል፣ ዱዓ አስደርጓል። ጸሎቱ ለቤተሰቡ መጽናኛ ሰጥቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮቴው ግን ቀጠለ። መቀጠሉም «አልሸነፍ ያለ ነው» የሚል ተጨማሪ ወሬ ፈጠረ።

ግቢው ሌሊቱን ሙሉ በትልልቅ አምፖል እንዲበራ ተደረገ። መብራቱ ነፍሳት ሰበሰበ፣ ነፍሳቱ የሌሊት ወፍ ሰበሰቡ፤ እንቅስቃሴው ባሰ።

ትልቁ ስህተት የጣሪያውን ጠርዝ መድፈን ነበር። የሌሊት ወፎች ይገቡበት የነበረው ቀዳዳ ሁሉ አንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ በሲሚንቶ ወረቀትና በጭቃ ተደፈነ። በቀን ደግሞ ወፎቹ ውስጥ ናቸው። መውጫ አጥተው አቡጀዲው ላይ ተራገፉ፣ ሞቱ። በሳምንቱ ሽታው ተከራይ አስወጣ፤ የኮርኒሱ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። ሰፈሩ ውስጥ «ተቆጣ» የተባለው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሜትር

ሥራው የተጀመረው በመለካት ነው። ሁለት ሰው፣ 30 ሜትር ገመድ ሜትር፣ አንድ ደብተርና አንድ ቀን ተኩል በቂ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ከውስጥ ተለካ፤ ቤቱ ከውጭ ተለካ፤ ከዚያ ሁለቱ ተነጻጸሩ።

ላይኛው ፎቅ ከውጭ 18.40 ሜትር ይረዝማል። በአንድ መስመር ላይ ያሉት አራት ክፍሎች ከውስጥ 4.30፣ 4.10፣ 4.20 እና 3.10 ሜትር ናቸው፤ ድምር 15.70። ሁለቱ የውጭ ግድግዳዎች በ20 ሳንቲ ሜትር ሲቆጠሩ 0.40፣ ሦስቱ የውስጥ ግድግዳዎች በ15 ሳንቲ ሜትር 0.45። ጠቅላላው 16.55 ሜትር መጣ። 1.85 ሜትር የት ገባ? ለአንድ ተጨማሪ ግድግዳ 15 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 1.70 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ይቀራል። ዘጠነኛው መስኮትም በትክክል እዚያ ላይ ነው።

የጠፋ ክፍል የሚገኘው እንዲህ ነው እንጂ ግድግዳ እየመቱ ባዶ ድምፅ በማዳመጥ አይደለም። ጭቃ ግድግዳ ማገሩ ከምርጉ ከተላቀቀ ሁሉም ቦታ ባዶ ይመስላል፤ ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ግድግዳ የቦረቦሩ ብዙ ናቸው።

የሌሊት መዝገብ

ቀጥሎ ድምፁ ተመዘገበ። አንድ የ50 ሉክ ደብተር በአምስት ዓምድ ተሰመረ፦ ሰዓት፣ ከየት በኩል፣ ምን ይመስላል፣ የቀኑ አየር፣ ነፋስ አለ ወይስ የለም። ሦስት ሰዎች በሦስት ቦታ ተቀመጡ፤ አንዱ ምድር ቤት፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ግቢ። ሌሊቱ እስኪነጋ ማውራት አልተፈቀደም፤ አንዱ የሰማውን ሌላው እንዳይደግመው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ለ16 ሌሊት ተጠበቀ። ጅማ በጥቅምት ፀሐይም ዝናብም ስለምታፈራርቅ ወቅቱ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ከ16ቱ 11ዱ ፀሐያማ ቀን፣ 5ቱ ደመናና ዝናብ ነበሩ። የማታው ኮቴ ከ11ዱ በ10ሩ ተሰማ፤ ከ5ቱ ግን በአንዱ ብቻ፣ ያውም ደከም ብሎ። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከ12፡00 እስከ 1፡30 ነው። አቅጣጫው ሁልጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ለፀሐይ የሚገዛ ጂኒ የለም፤ ለፀሐይ የሚገዛው ቆርቆሮ ነው።

የሌሊቱ ሩጫ ግን ከአየሩ ጋር አልተያያዘም። ከ4 ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን። ስለዚህ ሁለቱ ድምፆች ሁለት ምክንያት እንዳላቸው ከመዝገቡ ታወቀ። ሰፈሩ አንድ አድርጎ ያወራቸው ስለነበር እስከዚያ ድረስ የቀረበ ማብራሪያ ሁሉ ለአንዱ ሲሠራ ለሌላው ይከሽፍ ነበር።

ኮቴው በቀን መጣ

አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የዚህ ቤት ቆርቆሮ ከአሸንዳው እስከ ጫፉ 6 ሜትር ይሆናል። ቀትር ላይ 60 ዲግሪ የደረሰ ቆርቆሮ ማታ 15 ዲግሪ ቢወርድ ልዩነቱ 45 ነው፤ ስሌቱም 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ሚስማሩ አላንቀሳቅስ ይለዋል፤ ቆርቆሮው ይወጠራል፣ ይወጠራል፣ ከዚያ በአንዴ ይሸሻል። ያኔ «ቋ» ይላል። ቀጣዩ ሚስማር ላይ እንደገና «ቋ»። ፀሐይ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የምትለቀው የምሥራቁን ክንፍ ነው፤ የምዕራቡ እስክትጠልቅ ድረስ ይግላል። ስለዚህ ቋታው በምሥራቅ ይጀምርና ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ከሥር ባዶ ፎቅና ጣውላ ወለል ስላለ እንደ ከበሮ ያጎላዋል፤ ምድር ቤት ላለ ሰው ከጣሪያው ሳይሆን ከወለሉ የመጣ ይመስለዋል።

ይህን መናገር ግን ማንንም አላሳመነም። የቤቱ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ልጄ፣ ቆርቆሮ እግር የለውም» ብለው ዘጉት።

ያሳመናቸው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጠራራ ቀን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቶች ምድር ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። አናጺው መሰላል ይዞ ወጣና በምሥራቁ ክንፍ ላይ ሁለት 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ቀስ ብሎ አፈሰሰ። ቆርቆሮው ጭስ የመሰለ እንፋሎት አወጣ፤ ወዲያው ኮቴው ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ምዕራቡ ላይ ውሃው ሲደገም ኮቴው ወደ ምዕራብ ተሻገረ። ዘበኛው ከበርጩማቸው ተነሥተው ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩ። «በቀን መጣ» አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው «አባባ፣ እንድገመው?» ሲባሉ «ድገመው» አሉ። ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ጥገናው ቀላል ነበር። የላሉና የዛጉ ሚስማሮች ተነቅለው ቀዳዳቸው ሰፋ ተደርጎ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ተተኩ። ጎማው ቆርቆሮው በጥቂቱ እንዲላወስ ያስችለዋል፣ ውሃም ይከለክላል። የበሰበሱ 14 ማገሮች በ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ እንጨት ተለወጡ። ድምፁ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ፈጽሞ ዝም አይልም።

ጣሪያ ሥር የነበሩት

የሌሊቱን ሯጭ ለመለየት ሁለት ሜትር ጣውላ ኮርኒስ እንጨቶች ላይ ተዘረጋና የተነፋ አመድ በስሱ ተነሰነሰበት። ጠዋት ከድመት ያነሰ ዱካ ተገኘ፤ በአንድ ጥግ ደግሞ በአንድ ቦታ የተከመረ ኩስ። ሸለምጥማጥ ነው። አይጥ እያባረረ ይሮጣል። መግቢያው ጣሪያውን የነካ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ነበር። ቅርንጫፉ ከጣሪያው 2.5 ሜትር እንዲርቅ ተቆረጠ፤ ሸለምጥማጡ ቀረ።

ጯኺዋ ሴት ጉጉት ነበረች፤ ፊቷ ነጭ የሆነችው ዓይነት። ይህች ጉጉት እንደ ሌሎቹ አትጉራጎርም፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ትጮኻለች። አገራችን ውስጥ ጉጉት የመርዶ ወፍ ተደርጋ ስለምትታይ ባለቤቶቹ ትገደል ብለው ነበር። አልተገደለችም፤ መገደሏ አይጡን ያበዛው ነበር። ጫጩቶቿ እስኪበሩ ተጠበቀና ቀዳዳው ተዘጋ፤ ግቢው ውስጥ ባለው ዛፍ ላይ 40 በ40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 15 ሳንቲ ሜትር በር ያለው የጣውላ ሣጥን ተሰቀለላት።

የሌሊት ወፎቹ ሥራ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ በሁለት ምሽት ትልልቆቹ ከወጡ በኋላ በደብዛዛ መብራት እንጨቶቹ ላይ ግልገል ቀርቶ እንደሆነ ታየ። ግልገል ካለ ሥራው ይቆማል፤ እናቶቹ ውጭ ቀርተው ግልገሎቹ ውስጥ ያልቃሉና። ግልገል አለመኖሩ ሲረጋገጥ ከዋናው መውጫ በቀር ሌላው ቀዳዳ ሁሉ ተደፈነ። በዋናው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ጥቅጥቅ መረብ ከላይና ከሁለት ጎን ብቻ ተመታ፤ ታችኛው ጫፍ ነጻ ነው። ወፉ በመረቡ ሥር ሾልኮ ይወጣል፤ ሲመለስ በቀዳዳው ትይዩ ያርፍና መግቢያ ያጣል። 7 ሌሊት ከተጠበቀ በኋላ መጨረሻው ቀዳዳ ተዘጋ። ለአየር የተተዉት ክፍተቶች 6 ሚሊ ሜትር ዓይን ባለው የሽቦ ወንፊት ተሸፈኑ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ለትንሽ የሌሊት ወፍ ሰፊ በር ነው።

ከኮርኒስ በላይ 11 ጆንያ ኩስ ወጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደረቅ የሌሊት ወፍ ኩስ ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ሻጋታ ሊኖረው ይችላል። በውሃ ሳይርስ አይጠረግም፤ ሠራተኛው ደህና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና መነጽር ያደርጋል። ወፉ በባዶ እጅ አይነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ አስተላላፊ ሊሆን ይችላል።

የቤቱ ትንፋሽ ምክንያትም እዚያው ተገኘ። የጣሪያው ጠርዝ ጣውላ በደቡብ በኩል 4 ሜትር ያህል ወድቋል። ነፋስ በዚያ ሲገባ ጨርቁ ወደ ታች ይነፋል፣ ነፋሱ ሲያርፍ ወደ ላይ ይመለሳል። ጣውላው ሲመለስ ትንፋሹ ቆመ። የተበላሹት ክፍሎች ችፑድ ተመታላቸው፤ አንዱ ክፍል ግን አቡጀዲው ታጥቦና ተወጥሮ እንዲቆይ ተደረገ። እንዲህ ያለ ኮርኒስ መሥራት የሚችል ሰው እያነሰ ነውና ናሙና መቅረት ነበረበት።

የጠፋው ክፍል

ግድግዳው ከመከፈቱ በፊት ሁለት ነገር ተደረገ። የሰፈር ሽማግሌዎች ተጠርተው ቡና ተፈላ፤ ሥራው በዓይናቸው ፊት እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ተሸካሚ አለመሆኑ ተጣራ፦ ከላይ የተቀመጠበት እንጨት የለም፣ ማገሩም ቀጭን ባሕር ዛፍ ነው፤ የቀድሞዎቹ ግድግዳዎች ግን ፍልጥ ጥድ ናቸው።

የዕድሜው ማስረጃ ግን ከሁሉ ያማረ ነበር። የጎን ግድግዳው ላይ፣ እንደ ድሮው ልማድ፣ ጋዜጣ ተለጥፏል። ጋዜጣው የ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ነው። አዲሱ ክፍልፋይ የጎኑን ግድግዳ በሚነካበት ቦታ አንዱ ገጽ መሐሉ ላይ ጠፋ፤ ምርጉ በጥንቃቄ ሲላጥ ወረቀቱ ከክፍልፋዩ ኋላ ሳይቆረጥ ይቀጥላል። እንግዲህ ጋዜጣው ሲለጠፍ ክፍልፋዩ አልነበረም። ግድግዳው ከ1968 ዓ.ም. በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ቤቱ ለአምስት ከተከፈለ በኋላ የመጣ ነው።

በ50 በ60 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ተጀመረ። ውስጡ መታጠቢያ ቤት ነው፦ የብረት ገንዳ፣ የተሰበረ ቧንቧ፣ የተርብ ቤት፣ አንድ የሳሙና ማስቀመጫ። የፍሳሽ ቱቦው ፈንድቶ የታችኛውን አባወራ ያርስ ስለነበር፣ ማን ይጠግን በሚለውም የሚስማማ ስላልተገኘ፣ ክፍሉ በጭቃ ተደፍኖ ቀረ። ለዚያ ዘመን ኑሮ ብልህ መፍትሔ ነበር።

ማቃሰቱም ከዚያ ነው። ከጣሪያው በላይ የሚወጣው የፍሳሹ አየር ማስወጫ ቱቦ አናቱ ክፍት ሆኖ 1.20 ሜትር ዝቅ ብሎ በአፈርና በጎጆ ሣር ተደፍኗል። በጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚነፋ ሁሉ ነፋሱ ይነፋዋል። ይህን ያህል ርዝመት በሰከንድ 70 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ጥልቅ ድምፅ ይሰጣል፤ የሰው ማቃሰት የሚመስል ነው። ክዳን ተደረገለት፣ አለቀ።

ደረጃውም ከዚሁ ታሪክ ነው። ላይ ፎቅ የገባው አባወራ በምድር ቤቱ አባወራ ሳሎን ውስጥ ማለፍ ስለማይችል መውጫው በጣውላ ተዘግቶ ውጭ ሌላ መሰላል ተሠራ። የዝግባው አግዳሚ እንጨት ላይ የተጨመረው ባሕር ዛፍ እስካሁን ይታያል። አየር ላይ የሚከፈተው በር የበረንዳ በር ነበር፤ የበረንዳው ተሸካሚዎች የገቡባቸው አራት ቀዳዳዎች ከበሩ ሥር ድንጋዩ ላይ አሉ። በረንዳውን ምስጥና የጅማ ዝናብ በሉት፣ ቀሪው ማገዶ ሆነ። በሩን ማን ያፍርሰው?

ዱካኩ

ይህ ከሁሉ ፈጥኖ መታየት የነበረበት ነው፤ ግን በመጨረሻ ነው የተጠየቀው። የጓሮው መኝታ ቤት ተከራዮች ለኩሱ ሽታና ለክረምቱ ብርድ ብለው የአየር ቀዳዳዎቹን በጨርቅና በላስቲክ ደፍነዋል። ማታ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ እንዲያሞቅ ክፍሉ ውስጥ ያድራል። ደረት መክበድ፣ እግር አለመታዘዝ፣ ጠዋት የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ከቤት ሲወጡ መሻል፤ እነዚህ የከሰል ጋዝ መመረዝ ምልክቶች ናቸው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም የእግር ኮቴ የሚሰማና ጥላ የሚያይ ቤተሰብ ጉዳይ ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ የተበላሸ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ሆኖ ተገኝቷል።

ጨርቁ ወጣ፣ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ተከፈቱ፣ ምድጃው በረንዳ እንዲያድር ተደረገ። ቀጣዩ ተከራይ ዱካክ አላነሳም። አንድ ቤት «ጂኒ አለበት» ሲባል፣ ውስጡ ሰው የሚተኛ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሰሉ የት ያድራል የሚለው ነው። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

የሳን ሆዜው ቤት

የቤተሰቡ አንድ ወጣት በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ስላለው የዊንቸስተር ቤት ሰምቶ «ይኸው እንደዚያኛው ነው» ይል ነበር። ንጽጽሩ ከጠበቀው በላይ ጠቀመ። ሳራ ዊንቸስተር የጠመንጃ ፋብሪካ ወራሽ የነበረ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1881 ሞተባት፤ በ1886 ስምንት ክፍል ያለው የገበሬ ቤት ገዝታ እስክትሞት፣ እስከ 1922፣ ስታሰፋው ኖረች። ዛሬ 160 ያህል ክፍል አለው። ኮርኒስ ላይ የሚያበቃ ደረጃና አየር ላይ የሚከፈት በር እዚያም አለ። ወሬው በጠመንጃው የሞቱትን ነፍሶች ለማደናገር የሠራችው ነው ይላል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ሰባት ፎቅ የነበረውን ግንብና የላይኛውን ክፍል አፈረሰ፤ ፍርስራሹ ተነሣ እንጂ መልሶ አልተሠራም። ይወጣበት የነበረው ሲጠፋ ደረጃው ብቻውን ቀረ። 44 ደረጃ ኖሮት 3 ሜትር እንኳ የማይወጣው ዝነኛ መሰላሏም የመገጣጠሚያ ሕመም ስለነበረባት እግሯን ብዙ እንዳታነሳ የተሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ የጅማው ቤት ላይ ጥያቄው ተለወጠ። «የትም የማያደርስ ደረጃ ማን ይሠራል?» መባሉ ቀርቶ «ደረጃው ይደርስበት የነበረው ምን ሆነ?» ተባለ።

«ደሙ»ና ሌላው ያስቸገረ

የግድግዳው ቡናማ እድፍ ከዛገ አሸንዳና ከኩሱ የወረደ ውሃ ነው። ሦስት ጊዜ የተቀባው በውሃ ቀለም ነበር፤ የውሃ ቀለም እድፉን ያርሰዋል፣ እድፉም በእርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል። አዲስ አሸንዳ ተሠራ፣ ግድግዳው ስድስት ሳምንት እንዲደርቅ ተተወ፣ መጀመሪያ በዘይት ቀለም ታሸገ፣ ከዚያ ላዩ ተቀባ። ይህ ሠራ። የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከሽፏል፤ ለጥድፊያ በሦስተኛው ሳምንት ተቀብቶ ቀለሙ አበጠ።

ምርጉም አንድ ጊዜ ተበላሽቷል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ሦስት ሳምንት ተቦክቶ መብላላት ሲገባው በአምስተኛው ቀን ተመረገ፤ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ተላጠ፣ እንደገና ተሠራ።

የምስጥ ፍተሻው በካቻቪቴ ነው የተደረገው። ላዩ ጤነኛ የመሰለ የወለል ተሸካሚ ካቻቪቴ ያለ ግፊት 2 ሳንቲ ሜትር ከገባበት ውስጡ አልቋል። ከ22ቱ 5ቱ እንዲህ ሆነው ተገኝተው ተለወጡ፤ ሲረገጡ ዝቅ የሚሉት ጣውላዎች እነዚህ ላይ ነበሩ።

ወደ ሌላ ቤት ሲወሰድ

ቅደም ተከተሉ ይሻገራል፦ ከሰሉና አየሩ፣ ከዚያ ሜትር፣ ከዚያ የሌሊት መዝገብ፣ ከዚያ ጣሪያ ሥር፤ ግድግዳ መክፈት መጨረሻ ላይ ነው። መዝገቡ ከ10 ሌሊት ቢያንስ የአየሩ ልዩነት አይታይም። ወሬውን እንደተነገረ መጻፍ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ «ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ» የምትለዋ ቃል የመጣችው ከመሣሪያ ሳይሆን ከዘበኛው አፍ ነው። የሚያምን ሰው ፊት መከራከር ዋጋ የለውም፤ ውሃና መሰላል ግን ዋጋ አላቸው። የማይሻገረው ወጪው ነው፦ ይህ ቤት መሠረቱ ድንጋይ ነበር፤ ሙሉ ጭቃ ቤት ቋሚው ከሥሩ ከበሰበሰ ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ቤቱ ዛሬ

ደረጃው ተከፍቶ ወደ ፎቁ ይወጣል። የበረንዳው በር 1.10 ሜትር የብረት መከታ ተደርጎለት እንዳለ ቀርቷል፤ በረንዳውን ለመመለስ ገንዘቡ አልበቃም። የ1968ቱ ጋዜጣ ከነምርጉ ጠርዝ በመስታወት ተሸፍኗል። ላይኛው ፎቅ ሁለት ክፍሉ ተከራይቷል፤ ዘበኛው ግን አሁንም የሚተኙት ምድር ቤት ነው፣ ማንም ውጡ አላላቸውም። በእድፉ ዙሪያ በእርሳስ መስመር ተሰምሮ ቀን ተጽፎበታል። አንድ ክረምት አልፏል፤ ቡናማው ነጥብ ከመስመሩ አልወጣም።